ብሬከር ሲወርድ ሳንመረምር አናንሣ



በዚህ ጋዜጣ ላይ ዘወትር የሚጻፈው ስለ ዕቃ ዋጋ፣ ስለ ጉምሩክ ቀረጥና ስለ ባንክ ብድር ነው። ይህም የሚገባ ነው፤ ነጋዴ ከዚህ የበለጠ ምን ይወያያል? እኔ ግን ለዛሬ ዋጋው ከአንድ ኩንታል ስኳር እጅግ ስለሚያንስ፣ ነገር ግን መጋዘን ሙሉ ዕቃ ስለሚጠብቅ አንድ ትንሽ መሣሪያ ጥቂት ለመጻፍ ተነሥቻለሁ። ይህም በየቤታችንና በየሱቃችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የሚኖረው የኤሌክትሪክ ብሬከር ነው።

እኔ በባሕር ዳር ከተማ የአንድ ነጋዴ ጸሐፊ ነኝ። ትምህርቴም ሁለተኛ ደረጃን ከመጨረስ አያልፍም፤ የኤሌክትሪክ ሙያ የለኝም። ስለዚህ የምጽፈው በራሳችን ላይ የደረሰውንና ከዚያ ወዲህ ባለሙያዎችን ጠይቄ የተረዳሁትን ነው።

አሠሪዬ ብትን ጨርቅ፣ አንሶላና የቤት ዕቃ ይሸጣሉ። ከሱቁ በስተኋላ መጋዘን አለ፤ ከመጋዘኑም አጠገብ ሻይ የሚፈላባት ጠባብ ክፍል አለች። ባለፈው ክረምት ለደንበኞች ለስላሳ መጠጥ የምናቀዘቅዝበት ማቀዝቀዣ ገዛን። ቀደም ሲል የነበሩት የውሃ ማፍያና የፎቶ ኮፒ መሣሪያ ሳይነሡ ማቀዝቀዣው ሲጨመር፣ ብሬከሩ በቀን አራትና አምስት ጊዜ ይወርድ ጀመር። የሱቁ ልጅም በወረደ ቁጥር እየሮጠ ያነሣው ነበር። በመጨረሻ ሁላችንም ተሰላቸን። ልጁ ከአንድ ሱቅ ሄዶ በ16 አምፔሩ ፈንታ 40 አምፔር የሚል ብሬከር ገዝቶ መጣና ራሱ ለወጠው። ሻጩም ለምን እንደ ሆነ አልጠየቀውም። ከዚያች ቀን ጀምሮ ብሬከሩ አልወረደም። እኛም ልጁን አመሰገንነው፤ ለባለሙያ ይከፈል የነበረው ገንዘብ ቀረልን ብለንም ተደሰትን።

ሁለት ሳምንት እንኳ አልሞላውም። አንድ ማታ ሒሳብ ስዘጋ ከመጋዘኑ በኩል የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ መጣ። ገብቼ ባየው ጭስ የለም፤ ነበልባልም የለም። ነገር ግን የአንሶላው እሽግ ተደግፎ የቆመበትን ግድግዳ በእጄ ብዳስሰው እንደ ምድጃ ጐን ይሞቃል። ወዲያው ዋናውን ማጥፊያ አወረድሁት። በማግሥቱ የመጣው ባለሙያ ግድግዳውን ቢከፍተው፣ ሽቦው ለአምፖል ተብሎ የተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ሆኖ ተገኘ፤ ሽፋኑም ቀልጦ ጠቁሮ ነበር። አሠሪዬ ደንግጠው፣ «ታዲያ ብሬከሩ አዲስ አይደለም ወይ?» ቢሉት፣ ባለሙያው እንዲህ ሲል መለሰላቸው። «ጋሼ፣ ብሬከር ማለት ዘበኛ ነው። የፊተኛው ዘበኛ ሌባ መጣ ብሎ ቢጮህባችሁ፣ እሱን አሰናብታችሁ እንቅልፋም ቀጠራችሁ።»

በዚያ መጋዘን ውስጥ የነበረው ዕቃ በባንክ ብድር የተገዛ ነበር። ከዕቃው ሁሉ በላይ ደግሞ ሌሊት እዚያው የሚያድር ጠባቂ አለን፤ እርሱም የልጆች አባት ነው። ይህን ባሰብሁ ቁጥር እስከ ዛሬ ይዘገንነኛል።

እንግዲህ ነገሩ እንዲገባን ጥቂት ሒሳብ ያስፈልጋል። ሒሳቡም ነጋዴ ከሚያውቀው አያልፍም። በአገራችን ወደ ቤት የሚገባው ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው። በዕቃው ጀርባ የተጻፈውን ዋት ለ220 ስናካፍለው፣ ዕቃው በሽቦው ውስጥ የሚስበውን አምፔር እናገኛለን። 2,000 ዋት የሆነ የውሃ ማፍያ 9 አምፔር ያህል ይስባል። 3,500 ዋት የሆነ የእንጀራ ምጣድ ደግሞ ለብቻው 16 አምፔር ገደማ ይወስዳል። ሁለቱ በአንድ ጊዜ ቢሠሩ 25 አምፔር ይሆናል ማለት ነው። በተለመደው አሠራር፣ ለመብራት የሚዘረጋው 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ በ10 አምፔር ብሬከር ይጠበቃል፤ ለሶኬት የሚዘረጋው 2.5 በ16፤ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነው ደግሞ በ25 አምፔር ይጠበቃል። ስለዚህ ምጣድ የራሱ ወፍራም ሽቦና የራሱ ብሬከር ይፈልጋል።

የሐይቃችን ታንኳ ምን ያህል እንደሚጭን ቀዛፊው ያውቃል። ከልኩ በላይ ቢጫንበት ውሃው ጠርዙ ላይ ሲደርስ አይቶ፣ «ይበቃል» ይላል። ብሬከርም የሚለው ይህንኑ ነው። ታንኳው ሳይሰፋ፣ ይበቃል የሚለውን ቀዛፊ አስወርዶ ዝም የሚል ቀዛፊ መተካት ጭነቱን አያቀለውም። ብሬከሩን ለማሳደግ የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ሽቦውን ማሳደግ አለበት።

ይህ ችግር ዛሬ የበረታበት ምክንያትም ግልጽ ነው። የጢስ ዓባይ የመጀመሪያው ማመንጫ እ.ኤ.አ. በ1964 ሥራ ሲጀምር ኃይሉ 11 ሜጋ ዋት ገደማ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 ሁለተኛው ጢስ ዓባይ ተጨመረ። እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ የጣናን ውሃ በዋሻ ወደ በለስ አውርዶ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የጣና በለስ ማመንጫ ተመረቀ። እ.ኤ.አ. በ2025 የታላቁ የሕዳሴ ግድብ ምረቃ መከናወኑንም ሁላችን እናውቃለን። ኃይሉ ከዓመት ወደ ዓመት ጨመረ፤ ነጋዴውም ምጣዱን፣ ማቀዝቀዣውን፣ የልብስ ማጠቢያውንና የውሃ ማሞቂያውን እያስመጣ ለሕዝቡ አዳረሰ። በብዙ አሮጌ ቤት ግድግዳ ውስጥ ያለው ሽቦ ግን ሁለት አምፖልና አንድ ራዲዮ ታስቦ የተዘረጋው ያው የጥንቱ ሽቦ ነው።

አሁን ወደ ምርመራው ልለፍ። መብራት ሲጠፋ ወይም ሲበላሽ፣ ካቻቢቴ ከማንሣታችን በፊት በዓይናችን፣ በጆሮአችንና በአፍንጫችን ልንመረምረው የምንችለው ብዙ ነገር አለ።

አንደኛ፤ ወደ ውጭ ወጥተን ጐረቤትን እንመልከት። የጐረቤትም ቤት ጨለማ ከሆነ ነገሩ የመስመር ነውና እኛ የምንሠራው የለም። ማቀዝቀዣንና ሌሎች ሞተር ያላቸውን ዕቃዎች ከሶኬት ነቅለን እንጠብቅ። መብራቱ በተመለሰም ጊዜ ኃይሉ እስኪረጋ ጥቂት ደቂቃ ቆይተን እንሰካቸው። ብዙ ማቀዝቀዣ የሚቃጠለው መብራቱ ሲጠፋ ሳይሆን ሲመለስ ነው።

ሁለተኛ፤ የጠፋው የእኛ ቤት ብቻ ከሆነ ቆጣሪውን እንይ። ቆጣሪው በካርድ የሚሠራ እንደ ሆነ ሒሳቡ አልቆ ይሆናል። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ባለሙያ አስጠርቼ ካርድ ሙላ ተብዬ አፍሬ አውቃለሁ።

ሦስተኛ፤ ብሬከር ወርዶ ከተገኘ፣ በዚያ መስመር ላይ የተሰካውን ዕቃ ሁሉ እንንቀል። ከዚያም በደረቅ እጅ አንድ ጊዜ ብቻ እናንሣው። ምንም ሳይሰካ ተመልሶ ከወረደ ጥፋቱ በሽቦው ወይም በሶኬቱ ውስጥ ነውና፣ ትተነው ባለሙያ እንጥራ። ጸንቶ ከቆመ ግን ዕቃዎቹን አንድ በአንድ እንሰካ፤ ሲሰካ ብሬከሩን የሚያወርደው ዕቃ ጥፋተኛው እርሱ ነው። እያንዳንዱ ለብቻው ሲሰካ ደኅና ሆኖ፣ ሁሉም አብረው ሲሠሩ ከወረደ ደግሞ ጭነቱ በዝቷል ማለት ነው። ያን ጊዜ መድኃኒቱ ሥራውን በሰዓት መከፋፈል፣ ወይም በባለሙያ አዲስ መስመር ማዘርጋት ነው።

አራተኛ፤ አንድ አምፖል ብቻ ብልጭ ድርግም ቢል፣ ማብሪያውን አጥፍተንና የመስመሩን ብሬከር አውርደን፣ አምፖሉ እስኪቀዘቅዝ ቆይተን እናጥብቀው ወይም እንለውጠው። ይህን ያህል ማንም ይችላል።

ከዚህ በላይ ያለው የእኛ ድርሻ አይደለም። ከዚህ ቀጥሎ የምዘረዝራቸውን ምልክቶች ያየ ሰው ዋናውን ማጥፊያ አውርዶ፣ ለነገ ሳይል ባለሙያ መጥራት ይገባዋል። እነዚህም፦ ሶኬት ወይም ግድግዳ ሲሞቅ፤ የፕላስቲክ ሽታ ሲሸት፤ በሶኬት ዙሪያ ጥቁር ምልክት ሲታይ፤ ከቆጣሪው ሳጥን እንደ መጥበሻ የሚጮህ ድምፅ ሲሰማ፤ ማቀዝቀዣውን፣ ምጣዱን ወይም የውሃ ቧንቧውን ሲነኩ ሲነዝር፤ ሽቦ ባለበት ግድግዳ ላይ ውሃ ሲወርድ ናቸው።

በተለይ ልብ እንድትሉት የምፈልገው አንድ ምልክት አለ። ይኸውም አንዱ አምፖል ከልክ በላይ ሲደምቅ ሌላው የሚደበዝዝ እንደ ሆነ ነው። ይህ ኒውትራል የሚባለው ሽቦ መላላቱን ወይም መቆረጡን ያመለክታል፤ በዚህም ጊዜ ወደ ቤት የሚገባው ቮልት ከ220 አልፎ ዕቃውን ሁሉ ሊያቃጥል ይችላል። ምክንያቱን ሳንጠይቅ ዋናውን ማጥፊያ ማውረድ ነው።

ስለ መንዘርም አንድ የተሳሳተ አሳብ በመካከላችን አለ። ብዙ ሰው፣ «ብሬከር አለኝና አልሞትም» ይላል። እውነቱ ግን እንዲህ አይደለም፤ ብሬከር የሚያድነው ሽቦን እንጂ ሰውን አይደለም። ሰውን ለመግደል በሺህ የሚቈጠር ሳይሆን ጥቂት ዐሥር ሚሊ አምፔር ይበቃል። 16 አምፔር የሆነው ብሬከር ግን 16,000 ሚሊ አምፔር እስኪያልፍ ድረስ ዝም ይላል። ሰውን የሚያድነው አንደኛ ወደ መሬት የሚወርደው የኧርዝ ሽቦ፣ ሁለተኛም 30 ሚሊ አምፔር ሲያፈተልክ ወዲያው የሚያጠፋው ሌላ ዓይነት መከላከያ ነው። ሦስት እግር ያለውን ሶኬት ኧርዝ ሳያገናኙ መትከል ለጌጥ ካልሆነ በቀር አይረባም።

ይህ ጉዳይ በሐይቁ ዳር ለምንኖረው የበለጠ ያሳስባል። ዓሣ የሚሸጡ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ማቀዝቀዣውን የሚከፍቱት በረጠበ እጅ፣ የሚቆሙትም በረጠበ ወለል ላይ ነው። ክረምት ሲገባ መብረቁና ነጐድጓዱ ይበረታል፤ ጣራው ሲያፈስም ውሃው ሽቦውን ይከተላል። ስለዚህ ነጐድጓድ ሲጀምር ዕቃን ከሶኬት መንቀል፣ ማቀዝቀዣውን ከእርጥብ ወለል ከፍ አድርጎ ማስቀመጥና የኧርዙን ሽቦ ከክረምት በፊት ማስፈተሽ ይገባል። ሰው ተይዞ ቢገኝም በእጅ አይነካም፤ አስቀድሞ ማጥፊያው ይወርዳል። ማጥፊያው ሩቅ ከሆነ በደረቅ እንጨት ማላቀቅ ነው። በኤሌክትሪክ በተነሣ እሳት ላይ ውሃ ማፍሰስም ሌላ ሰው መግደል ነው።

መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር የምታስነሡ ነጋዴዎችም ተጠንቀቁ። የጄኔሬተሩን ገመድ በሶኬት በኩል ወደ ቤቱ መስመር የሚሰካ ሰው፣ ኤሌክትሪኩን በቆጣሪው አሳልፎ ወደ ምሰሶው ይልከዋል። ትራንስፎርመሩም ቮልቱን ከፍ አድርጎ፣ መስመሩ ባዶ ነው ብሎ ለጥገና የወጣውን ሠራተኛ ሊገድለው ይችላል። የመስመር መለወጫ ማብሪያ በባለሙያ ሳይተከል ጄኔሬተርን ከቤት መስመር ጋር ማገናኘት አይገባም።

ማንን እንጥራ የሚለውም ድንበር አለው። ከቆጣሪው ወዲህ፣ ወደ ቤት ውስጥ ያለው የባለቤቱ ነው፤ እርሱን የግል ባለሙያ ይሠራዋል። ቆጣሪው ራሱና ከእርሱ ወዲያ ያለው፣ ምሰሶውም ጭምር፣ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው። ለዚህም በ905 መደወል ይቻላል። የወደቀ ሽቦ ያየ ሰው ሞቷል ብሎ አይቅረበው፤ ሌላውንም ሰው ያርቅ።

«ባለሙያ ውድ ነው፤ ቀጠሮም አያከብርም፤ ደግሞስ ባለሙያና አስመሳይ በምን ይለያል?» የሚለኝ አንባቢ ይኖራል። ይህ ቅሬታ ሐሰት ነው አልልም፤ እኔም ሦስት ቀን በቀጠሮ ተመላልሼ አውቃለሁ። ነገር ግን መልስ አለው። ከተማችን ለዚህ ሙያ ባዕድ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1963 በሶቪየት ኅብረት ርዳታ የተቋቋመው፣ ኋላም የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ አካል የሆነው ፖሊ ቴክኒክ፣ ለብዙ ዓመታት ቴክኒሻኖችን አስተምሯል። ዛሬም ከሙያ ኮሌጆች ሠልጥነው የብቃት ምዘና ያለፉ ወጣቶች አሉ። የምዘናውን ወረቀት ማየት ነውር አይደለም፤ እኛስ ያለ ንግድ ፈቃድ ዕቃ እንረከባለን ወይ? ደግሞም እውነተኛ ባለሙያ በሥራው ይታወቃል። ዋናውን ሳያወርድ ሽቦ አይነካም፤ በመሣሪያ ለክቶ እንጂ በጣቱ ሞክሮ አይናገርም፤ «ትልቅ ብሬከር ግዙ» ከማለቱ በፊት ሽቦውን ያያል። ስለ ዋጋውም ቢሆን፣ እኛ የባለሙያውን ክፍያ ለማትረፍ ስንል መጋዘኑን ልናጣ ነበር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው።

እስከዚህ የጻፍሁት ለቤት ባለቤት ሁሉ ነው። የሚቀጥለው ግን ለእኛ ለነጋዴዎች ነው፤ ብዕሬን ያነሣሁበትም ዋናው ምክንያት ይህ ነው።

ያን 40 አምፔር ብሬከር ለሱቁ ልጅ የሸጠው ሰው ሌባ አይደለም። የተጠየቀውን ሰጠ፤ ዋጋውን ተቀበለ። ይሁን እንጂ አንዲት ጥያቄ ቢጠይቅ ኖሮ ያ ማታ አይመጣብንም ነበር። ሕዝባችን ብልሽት ሲደርስበት ከባለሙያ በፊት የሚሄደው ወደ ዕቃ ሻጭ ነው፤ ሻጩ የሚለውንም አምኖ ይሠራል። እንግዲህ ሻጭ፣ ወደደም ጠላም፣ አማካሪ ሆኗል ማለት ነው። ስለዚህ በበኩሌ የሚከተለውን አሳብ አቀርባለሁ።

የኤሌክትሪክ ዕቃ የምትሸጡ ባለ ሱቆች፣ ተለቅ ያለ ብሬከር የሚጠይቅ ሰው ሲመጣ ሦስት ነገር ጠይቁት፦ የፊተኛው ስንት አምፔር ነበር? ለምን ይወርዳል? ሽቦው ስንት ካሬ ሚሊ ሜትር ነው? ሦስተኛውን የማያውቅ ከሆነ ዕቃውን አትሽጡለት፤ ባለሙያ ይዞ ይምጣ በሉት። አንድ ሽያጭ ቢቀርባችሁ ደንበኛው ይኖርላችኋል።

አስመጪዎች ሆይ፣ ላዩ 2.5 ተብሎ ታትሞ ውስጡ ከዚያ የቀጠነ ሽቦ፣ ወይም በመዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ሆኖ መዳብ ነው ተብሎ የሚሸጥ ሽቦ፣ ርካሽ መስሎ ቢቀርብላችሁ አትዘዙት። ያልተበጠረ እህል የሸጠ ነጋዴ ሰውን በጥርሱ ያስቸግረዋል። በዚህ ሽቦ ግን ገዢው ልጆቹን አስተኝቶ ያድርበታል። ጥቅሉ በደረሰ ጊዜም ቆርጦ መለካትና መመዘን ሻጩን ማማት አይደለም።

ምክር ቤታችንም ቢቻለው፣ የብቃት ምዘና ያለፉትን የኤሌክትሪክ ባለሙያዎች ስም ዝርዝር ከነአድራሻቸው አዘጋጅቶ ለአባላቱ ቢያድል፣ የተጠራ ባለሙያም ያለ በቂ ምክንያት ቢቀር ከዝርዝሩ እንዲወጣ ቢያደርግ፣ ቅሬታችን ሁሉ ይቃለላል። ይህን ለማድረግ አዲስ ሕግና ብዙ በጀት አያስፈልግም፤ የአንድ ጸሐፊ የጥቂት ቀን ሥራ ነው። ለዚህም ከተጠራሁ እኔ ራሴ ያለ ደመወዝ ለመጻፍ ዝግጁ ነኝ።

አሠሪዬ ከዚያ ማታ ወዲህ የመጋዘኑን መስመር በአዲስ ሽቦ አስለውጠዋል፤ ማቀዝቀዣውና የውሃ ማፍያውም የየራሳቸው ብሬከር ተደርጎላቸዋል። የአንሶላው እሽግም ከግድግዳው ክንድ ያህል ርቆ ተቀምጧል። የቀለጠው ሽቦ ቁራጭ ግን በጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ አለ። ደንበኛ መጥቶ፣ «መብራታችን ደጋግሞ እየጠፋ አስቸገረን» ሲል በሰማሁ ጊዜ አውጥቼ አሳየዋለሁ። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት እንዲህ ላለው ነገር ነውና፣ እናንተም ዛሬ ማታ ሱቃችሁን ስትዘጉ፣ ቁልፉን ከማዞራችሁ በፊት ከዕቃው በስተኋላ ያለውን ግድግዳ በእጃችሁ ዳስሳችሁ እንድትሄዱ እለምናለሁ።

አንድ የነጋዴ ጸሐፊ
ባሕር ዳር